ከግርጌው የተቀጠለ ቧንቧ

ጥቅምት 4 ቀን 1962 ዓ.ም.

አንድ ደንበኛዬ፣ ከፍስሐ ገነት እየመጣ እኔ ጋ የሚያድር አስተማሪ፣ ይህን ደብተር ሰጠኝ። «እትዬ አትጠገብ፣ እርስዎ እንግዳን በጥያቄ ያደክማሉ፤ እዚህ ላይ ይጠይቁ፣ እኛም እንረፍ» ብሎ ነው የሰጠኝ። ስጦታ ይሁን ስድብ ገና አልለየሁትም። ወረቀቱ ግን ጥሩ ነው። አባቴም ቄስ ነበሩና ፊደል አስቆጥረውኛል፣ ሜዳ ላይ አልቀረም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኸው፤ ውሃው የት ይሄዳል?

ዲላ ውስጥ ይህን የማይጠይቅ የለም፤ ሁሉም ግን ጠይቆ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ አልችልም። አልጋ ቤት ያለ ውሃ ምንድነው? አንሶላው አለ፣ ፎጣው አለ፣ የእንግዳ እግር አለ፣ ሻይ አለ። ድሮ ምንጩ የሁሉም ነበር፣ የፈለገ ወርዶ ይቀዳል። ኋላ ግራዝማች በዛብህ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተዋውለው ምንጩን አጠሩት፣ የብረት ታንክ አቆሙ፣ በየሰፈሩ ቦኖ ተከሉ። አምስት ሳንቲም ከፍለሽ እንስራሽን ትሞያለሽ። አልከፋንም ነበር። ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፣ ጭቃ የለው፣ አልቅት የለው። አሁን ግን ጠዋት ይመጣና ረፋድ ላይ ቀጥ ይላል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ምንጩ ሞልቶ ሊፈስ ይገባው ነበር።

ሀዲጃን ጠየቅኋት። ሀዲጃ ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ ጨርቅ ይሸጣል። በመካከላችን ያለው አንድ የቀርከሃ አጥር ነው፤ ጨው ሲጎድል፣ በርበሬ ሲያልቅ በሱ ላይ እንቀባበላለን። «ሲሸጡት ተቀይሞ ይሆናላ» አለችኝ። ሳቅሁ። መልስ ግን አይደለም።

ጥቅምት 7

ዘርትሁን አንሶላዎቹን ወንዝ ወርዳ አጥባ መጣች። ዘርትሁን የምታጥብልኝ ሴት ናት፣ የቡሌ ሰው፣ ባለትዳር። አንሶላው ደርቆ ሳጥፈው ሸተተኝ። ኮምጠጥ ያለ ነገር፣ የከረመ አተላ ዓይነት። «ወንዙ እንዲህ ሆኗል እትዬ። ውሃው ጠቁሯል፣ እጄን ይበላኛል» አለች። ክንዷ ላይ ሽፍታ ወጥቷል። ቫዝሊን ቀባሁላት።

ወንዝ እንዴት ይኮመጥጣል?

ጥቅምት 13

ግራዝማች በዛብህ ሻይ ሊጠጡ መጡ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ቤታቸው ሻይ የሚያፈላ የጠፋ ይመስል እኔ ጋ ያዘወትራሉ። ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ምን አገባኝ፣ ሻይ ሻይ ነው።

ከመጡ አይቀር ውሃው ለምን ረፋድ ላይ እንደሚጠፋ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉና «ከተማው አደገ፣ ምንጩ አላደገም» አሉ። ጥሩ አነጋገር ነው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ለአንቺ ግን ቧንቧውን ግቢሽ ድረስ አስገባልሻለሁ» አሉ። እዚህ ከተማ ቧንቧ ግቢው የገባለት የአውራጃው ገዥ ብቻ ነው። እንዴት ተደርጎ አልኳቸው። «ይደረጋል» አሉ።

አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ነበር። ሰንበትም አይደል፣ ክብረ በዓልም አይደል፤ ለምን እንደለበስኩት አሁን ሳስበው አልገባኝም። አሮጌው ታጥቦ ይሆናል።

ጥቅምት 19

ውሃ። ግቢዬ ውስጥ!

ግራዝማች ራሳቸው ቆመው አሠሩት። ስጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ መተው አልችልም። ብረቱ ከየት ይነሣል፣ በየት በኩል ይመጣል፣ ማነው የሚከፍተው ስል ታንኩ ድረስ ወስደው አሳዩኝ። የቦኖዎቹ ቧንቧ የሚወጣው ከታንኩ ወገብ ነው። ውሃው ከወገብ በታች ሲወርድ ቦኖ ይደርቃል። የኔን ከግርጌው ነው ያስቀጠሉት። «የመጨረሻዋ ጠብታ ያንቺ ናት» አለኝ። አሉኝ ማለቴ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሟቹ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር፤ አብዝቶ ከተናገረ ግን «ወጡ ጨው አንሶታል» ነው። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጥቅምት 20

ያለ ሥራ ቧንቧ ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። ልጅ ሆኛለሁ።

ጥቅምት 26

ቦኖው ደርቆ ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ካለፍኩ በኋላ አንዷ «እሷ ምን ቸገራት፣ ከታንኩ ጡት ነው የምትጠባ» ስትል ሰማሁ። ተሳሳቁ። ሀዲጃ አልሳቀችም፤ ግን ቀና ብላም አላየችኝ። ይህ ከሳቁ ይብሳል።

ማታ ባልዲ ሙሉ ውሃ በአጥሩ ላይ አቀበልኳት። ተቀበለች፣ አመሰገነች፤ ባልዲውን አጥባ መለሰችልኝ። እኔና እሷ ባልዲ አጥበን ተመላልሰን አናውቅም ነበር። እንደ እንግዳ አደረገችኝ።

እኔ ምን አደረግኋቸው? ቧንቧ ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ። ማን እምቢ ይላል? የኔን ዘግቼ ብውል ቦኖው ላይ ይጨመርላቸዋል ወይ? ከወገብ በታች ያለው ውሃ ለነሱ እንደሌለ ነው። ይህን ሳስብ እራቴ አልበላ አለኝ።

ኅዳር 1

ግራዝማች አዲሱን መኪናቸውን አሳዩኝ። የሚነዳ አይደለም፣ የቡና መፈልፈያ ነው። ከምንጩ ዝቅ፣ ከታንኩ ከፍ ብሎ ቆሟል። ቀዩን እሸት ቡና ከላይ ይጨምሩበታል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍሬው በአንድ በኩል ገለባው በሌላ በኩል ይወጣል። ከዚያ ፍሬው በውሃ ይታጠባል፣ አሁንም ይታጠባል። እጣቢው በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሽታውን ወዲያው አወቅሁት፤ አንሶላዬ ላይ ነበር።

«ለምን በቀን ያጥቡታል? ማታ ወይ በነጋታው አይሆንም?» አልኩ።

«እሸት ቡና ቀጠሮ አያውቅም አትጠገብ። ገበሬው በማለዳ ይለቅማል፣ ረፋድ ላይ ያመጣል። ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ የሚገዛውም የለ። ቡናው ከመጣ የአውራጃው ገዥ ራሱ ቢመጣ መኪናው አይቆምም።»

«ውሃውስ ከየት ነው?»

«ከላይ» አሉና በእጃቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። ላይ ያለው አንድ ምንጭ ነው።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። እኔ አትጠገብ ሳልጠይቅ ስመለስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንወርድ እንዲህ አሉኝ፤ «ውሌ በዚህ ወር ያልቃል። ከጠቅላይ ግዛቱ መሐንዲስ ይላካል። ውሃው ለከተማው ይበቃል ብሎ ከጻፈ ለአሥር ዓመት ይታደስልኛል። ያኔ ሽማግሌ እልክብሻለሁ፣ እምቢ እንዳትዪኝ።»

«ሽማግሌ ከመጣ የሚመልሰው ሽማግሌ ነው፤ እኔን ምን ይጠይቁኛል» አልኩ። ፊቴ ሞቆኝ ነበር። ፀሐዩ ነው።

ኅዳር 3

ልብስ ማስጫው ላይ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ላይ ሰጠሁ። ረፋድ ላይ ሞተሩ ሲነሣ ይሰማል፣ ድቅ ድቅ ይላል። አንሶላዎቹን አስጥቼ ሳልጨርስ ቦኖው ጋ ጫጫታ ተነሣ። ደረቀ። ትናንትም እንዲሁ ነበር። የኔ ይወርዳል።

መልሱን አገኘሁት። መልስ ሲገኝ ደስ የሚል ይመስለኝ ነበር።

በአጥሩ ላይ ሀዲጃን ጠርቼ «ውሃው ቡና እያጠበ ነው» አልኳት፣ ትልቅ ምሥጢር እንደነገርኩ ሁሉ።

«እናውቃለን።»

«ማን ያውቃል?»

«ሁላችን። የዘርትሁን ባል እዚያ አይደል የሚሠራ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«ለግራዝማች ሻይ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ፤ እንዴት ብለን እንንገርሽ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «መሐንዲስ ሊመጣ ነው አሉ። አሥር ዓመት ከፈረሙለት የልጅ ልጆቼ ያንን ኮምጣጣ ወንዝ እየጠጡ ሊያድጉ ነው አትጠገብ። ትንሿ ከአሁኑ ሆዷን እያመማት ነው።»

ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው አላልኳትም። እሷ ግን አዲሱን ነጠላዬን ቆማ አየችው።

ኅዳር 8

መሐንዲሱ መጣ። ግራዝማች አልጋ ይዘው እኔ ጋ አሳረፉት። አቶ ወንድይፍራው ይባላል፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ አንድ ሸሚዝ አንድ ሱሪ ይዞ የመጣ። እርስዎ ስለው አፈረ፣ «ልጅዎ እሆናለሁ፣ አንተ ይበሉኝ» አለ።

ከትናንት ጀምሮ መፈልፈያው ድምፁ የለም። ቦኖው ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው እየቀዱ ይስቃሉ።

ግራዝማች በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፤ «ገበሬዎቹን እስከ ኅዳር አሥራ አንድ እንዳትለቅሙ ብያለሁ። እሱ አሥራ አንድ ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ቡናው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። አንቺ ብቻ ደህና አድርገሽ ያዢልኝ።»

ደህና አድርጌ እይዘዋለሁ።

ኅዳር 10

ቦኖ ለቦኖ ሲዞር ዋለ። ባልዲ ያስሞላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይጽፋል። መፈልፈያው ተበላሽቷል፣ ዘንድሮ አይሠራም ብለውታል። እራት ሳቀርብለት «እትዬ፣ ውሃው ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። «ሻይ ልጨምርልህ?» አልኩት።

ከአጥሩ ማዶ ሀዲጃ ባልዲ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ሰምታኛለች። ማፈሪያ ነኝ። ለአንድ ጠብታ ውሃ፣ ለአንድ ወንድ... ምን ብዬ እንደምጨርሰው አላውቅም።

የልጁ ሱሪ ጭቃ ነክቶታል። ለነገ ጉዞ ንጹሕ ሆኖ ይሂድ ብዬ አጠብኩለት። የውጪው ገመድ ስለተያዘ ከኩሽናው ጀርባ፣ ጥላው ላይ አሰጣሁት።

ኅዳር 11

ሱሪው አልደረቀም። አውቶቡሱ ሄደ። እንግዳዬ በጋቢዬ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ያሳዝናል። «ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ማኅበሩ በእኔ ተራ ነው። ጽዋውን ሳትቀምስ የት ልትሄድ ነበር? እንኳን አመለጠህ» አልኩት። ለሚካኤል ጽዋ እምቢ የሚል የለምና እሺ አለ።

ከሰዓት በኋላ ግራዝማች መጡ። አልተቀመጡም።

«ለምን አልሄደም?»

«ሱሪው አልደረቀለትም።»

«የኔን አልሰጠውም ነበር? ብትልኪብኝ ምን ነበር?»

እውነታቸውን ነው፤ አላሰብኩትም። በመንገዱ ላይ እሸት ቡና በጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ተከታትለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ግራዝማች ጆንያውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። «ነገ ደግሞ ሌላ ምክንያት እንዳታመጪ» አሉና ሄዱ። ክፉ አልተናገሩም። ድካም ነበረባቸው፤ አንጀቴን በሉት።

ኅዳር 12፣ ማታ

ከየት ልጀምር።

በማለዳ ቧንቧዬን ከፈትኩና የግቢዬን በር ወለል አደረግሁት። በሚካኤል ስም ጎረቤት ሁሉ ይቅዳ አልኩ። መጀመሪያ ማንም አልመጣም፣ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ቀድማ የገባችው ዘርትሁን ናት። «እኔ የሚሲዮን ሰው ነኝ፤ የሚካኤል ውሃ ለኔ ይሆናል?» አለች። «ውሃው የምንጩ ነው፣ ቅጂ» አልኳት። ከዚያ ሰፈሩ ጎረፈ። እንስራ፣ ጣሳ፣ በርሜል፣ የሕፃን ገንዳ ሳይቀር። ሀዲጃ መጨረሻ ላይ መጣች። ባልዲዋን ሞላችና እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ወዳስተከልኩት ድንኳን ገባ። ዓርብ ነውና የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጠላ። ግራዝማችም ማኅበርተኛ ናቸው፤ ከቄሱ አጠገብ ተቀመጡ። ነጭ ለብሰዋል። ያምርባቸዋል።

ዛሬ ደግሞ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው፣ በየደጁ ጥራጊው ይቃጠላል። እኔም የአሮጌ ፍራሽ ጭድ አጠራቅሜ ነበርና ከእንግዳዬ መስኮት አጠገብ ለኮስኩት። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አላየሁም። ሲወጣ ፊቱ ጥላሸት፣ ፀጉሩ ጥላሸት። ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም ሳቀ። «እንዲህ ሆነህ ጽዋ ላይ አትቀመጥም፣ ሂድ ታጠብ» ብዬ ሳሙና ሰጠሁት።

ያን ጊዜ ከላይ ድቅ ድቅ የሚለው ተሰማ። ቡናው አድሯል፣ ከዚህ በላይ አይጠብቅም፤ ማኅበር ላይ ማን ቧንቧ ይከፍታል ብለው ይሆናል ግራዝማች ያስነሡት። ግራዝማች ድምፁን ሲሰሙ ለቄሱ የሚያወሩትን ጮክ ብለው ቀጠሉ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ነበር የሚያወሩት።

ብዙም አልቆየ፣ ከግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ከተከለለው መታጠቢያ ውስጥ «እትዬ፣ ውሃው ቆመ» የሚል መጣ። ታንኩን ከግርጌው እኛ ከማለዳ ስንቀዳው ነበር፤ ከላይ የሚመጣለት የለም። «እትዬ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ» አለ። ቤት ያለው ውሃ ሁሉ ለሰው ታድሏል። ሀዲጃ ባልዲዋን ይዛ መጣችና በቆርቆሮው አናት ላይ አፈሰሰችበት። «አቃጠለህ አይደል ልጄ? እኛም ይህ ድምፅ በተነሣ ቁጥር እንዲሁ ነን፣ ያውም ሳሙና ሳይኖረን» አለችው።

ልጁ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጆሮው ላይ አረፋ እንዳለ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። «ይህ ድምፅ ምንድነው?» አለ። ሲጠይቅ የሚያየው እኔን ነው።

በአጥሩ ማዶ ሴቶቹ ቆመዋል። ግራዝማች አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም አስተያየታቸው። ቢቆጡ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ልመና ነበረበት።

«የግራዝማች የቡና መፈልፈያ ነው። ከምንጩ የሚወጣውን ውሃ እሱ ነው የሚወስደው። አልተበላሸም፣ አንተ እስክትሄድ ነው የቆመው» አልኩ።

በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ልጁ ጋቢውን እንደለበሰ ወደ ላይ ወጣ፣ ሰፈሩ ከኋላው ተከተለ። ግራዝማች ጽዋቸውን ጠጥተው ጨረሱ፣ ተነሡ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ማኅበርተኛውን አንድ በአንድ ተሰናበቱ። እኔ ጋ ሲደርሱ «ሚካኤል ይጠብቅሽ» አሉኝ። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ጭሱ አይደለም።

ኅዳር 13

እንግዳዬ ሄደ። ሱሪው ደርቋል።

ኅዳር 21

ማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔውን አነበበ። አሥሩ ዓመት ቀርቷል። የታደሰላቸው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ መፈልፈያው ከምንጩ ውሃ እንዳይወስድ፣ አጥሩም በአንድ በኩል ተከፍቶ ሰው እንደ ድሮው እንዲቀዳ። እንዲህ ተጽፏል። ይፈጸም አይፈጸም ማን ያውቃል፤ እስከ አሁን መኪናው ዝም ብሏል። ቡናውን ወደ ገደብ ከተማ እያስጫኑት ነው አሉ፤ በመንገድ እየኮመጠጠ ነው ይላሉ። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የግራዝማች ሠራተኞች መጥተው ቧንቧዬን ነቀሉ። ሻይ አቀረብኩላቸው፣ አፍረው ጠጡ።

እንስራዬን አንሥቼ ቦኖ ሄድኩ። ሀዲጃ ከፊት ነበረች። ታስጠጋኛለች ብዬ ነበር። «የሰልፉ መጨረሻ እዚያ ነው» ብላ በእጇ አሳየችኝ፣ ሴቶቹ ሳቁ። ሄጄ መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ተራዋን ለሌላ ለቃ መጣችና ከጎኔ ቆመች። ስለ ልጅ ልጇ ሆድ አወራን፤ ተሽሏታል።

ታኅሣሥ 6

ግራዝማች መጡ። ብቻቸውን። ሻይ አዘዙ፣ የድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። አመድማውን አሮጌ ነጠላዬን እንደለበስኩ ነበር፣ አልቀየርኩም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። እስከ ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። «ልጁን አውቀሽ ነው ያስቀረሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። እዚህ ደብተር ላይ ለራሴ እንኳ ስዋሽ ከርሜያለሁ። «አውቄ ነው። ጭሱንም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለኔ ብትነግሪኝ መኪናውን አስቆመው ነበር።»

«ያስቆሙት ነበር?»

ስኒውን እያዩ ብዙ ቆዩ። መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና እየጮኸ አለፈ። እኔም አልቸኮልኩም፣ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«አላስቆመውም ነበር» አሉ።

ሻዩን ሳይጨርሱ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ይህን ሰው የወደድኩት ቧንቧውን ያስገቡልኝ ቀን ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ነው፣ ይህችን ቃል ሲናገሩ። ሽማግሌ እንደማይልኩ አውቃለሁ፤ ቢልኩም ምን እንደምመልስ አላውቅም።

ነገ ሰልፉ ሳይበዛ በማለዳ መውጣት አለብኝ።